የጋሽ አንጁሎ ግሉኮስ

የጋሽ አንጁሎን ሞት የነገረችኝ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጥልኝ ሴት ናት። «እኚያ ባለግሉኮሱ ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለችኝ፣ ሚዛኑን ከእጇ ሳትለቅ። ሙዙን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ለቅሶ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ንዴት ነው፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ያን ሰዓት አላወቅሁም።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ አወቅሁት። የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ ከሕዝቡ መሀል ብቅ ሲል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደረጀ! መኪና ሻጩ ደረጀ! ዛሬማ አቶ ደረጀ ነው፤ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ድንኳኑንም ወንበሩንም ያስመጣው እሱ። ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ወዳጄና የሥራ አጋሬ ጋሽ አንጁሎ» ብሎ ጀመረ። ዐይንን በጨው አጥቦ መምጣት ሲባል እሰማ ነበር፤ ፊት ለፊት ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዳጄ! ኧረ እባካችሁ!

ያነበበውን ከመንገሬ በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። እሳቸውን ላላወቀ ሰው የእኔ ንዴት የእብድ ንዴት ይመስለዋል።

ጋሽ አንጁሎ የጨንቻ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ዘመን የመንግሥት እርሻ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ተከራይተው መካኒክ ሆኑ። ጋራዥ ብለው ይበዛበታል። ዛፉ፣ መኪና የሚወጣበት ሁለት ጠርብ እንጨት፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥን፣ በቃ። ሥራ ሲጀምሩ ትከሻቸው ላይ ያለውን የዶርዜ ጋቢ አጣጥፈው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ። ስንት ዓመት ሳያቸው ያ ጋቢ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ አይቼ አላውቅም። መኪና ይዞ ለሚገባ ሁሉ ሰላምታቸው አንድ ናት፦ «ምን አደረገች?» ባለቤቱ መኪናዋን ሊሳደብ አፉን ከከፈተ እጃቸውን ያነሱበታል። «ምን አደረገች ነው ያልኩህ። ስድቡን ለቤትህ አቆየው።»

አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነውና ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ባሌን ተከትዬ ከጎጃም የመጣሁ፣ አባቴን «እርስዎ» እያልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። ባሌ ታደሰ አንዲት ያረጀች የቤት መኪና ነበረችው፤ እሷን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «አንተ ዘነበች፣ ኮፈኑን ክፈት» ሲሉኝ ተኮሳትሬ ቆምኩ። ኋላ ግን ለመድኩት። እንዲያውም አንድ ጊዜ እንግዳ ፊት ተጠንቅቀው «አንቺ» ሲሉኝ፣ ምን አስቀየምኳቸው ብዬ ሳስብ ዋልኩ።

ግሉኮሱ ደግሞ እንዲህ ነው። ሐኪም ቤት ለበሽተኛ የሚሰቀል የብርጭቆ ጠርሙስ ነበር አይደል? አንድ ሊትር የሚይዘው። እሱን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ቤንዚን ይሞሉበትና ጋቢና ውስጥ ይሰቅሉታል። ከመኪናዋ ታንከር የሚመጣውን መስመር ይዘጋሉ፤ ከጠርሙሱ ቀጭን ጎማ አውርደው ከሞተሩ ጋር ያገናኛሉ። ከዚህ በኋላ መኪናዋ ከዚያች አንድ ሊትር በቀር የምትጠጣው የላትም። ባለቤቱ ይነዳል፤ እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው ጠርሙሱን ያያሉ። ሊትሯ ስታልቅ መኪናዋ የትም ትሁን የት ቀጥ ትላለች። የቆመችበት ቦታ ውጤቷ ነው።

መነሻቸው ሁልጊዜ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ነው፤ አቅጣጫቸው ሁልጊዜ ሽቅብ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ። ዳገቱን ወጥታ፣ ሴቻ ዞራ፣ ትወርዳለች፤ ቤንዚን ከተረፋት ደግማ ትወጣለች። ስትወርድ መዳፋቸውን ማርሹ ላይ ይጭናሉ። የእኛ ከተማ ሾፌር ሴቻን ለቅቆ ሲወርድ፣ ቤንዚን ቆጠብኩ ብሎ መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ ፎሌ ላይ መልቀቅ ይወዳላ! ያኔ መኪናዋ በገዛ ክብደቷ ትንከባለላለች እንጂ ሞተሯ ምን ሠራ? «ፎሌ የለም!» ይላሉ ጋሽ አንጁሎ። «ቁልቁልማ ድንጋይም ይሄዳል። ድንጋይ ቤንዚን ይጠጣል እንዴ?»

ለዚህ ሥራ ክፍያ አይቀበሉም ነበር። ምነው ስላቸው፣ «ከባለቤቱ ከበላሁ ጠርሙሱን መች አያለሁ? የባለቤቱን ፊት ነው የማየው» አሉኝ።

ከተማው በሙሉ ስለ መኪናው የሚያወራው በጋሽ አንጁሎ ሊትር ነበር። «የእኔዋ ሴቻን ዞራ ተመልሳ መናኸሪያው በር ላይ ነው የቆመች» ብሎ ደረቱን የሚነፋ አለ። «ያንተዋ እኮ ግሉኮሱን በአንድ ትንፋሽ ነው የጨለጠችው» ብሎ የሚያበሽቅ አለ። ዳገቱ መሀል ቀጥ ያለችበት ሰው፣ ከኋላው ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋበት፣ እሳቸውን ይሳደባል። እሳቸው ጎንበስ ብለው የታንከሩን መስመር እየመለሱ፣ «እኔ ምን አደረግሁህ? እሷ ናት የነገረችህ» ይሉታል።

ማርቆስ የሚባል ሾፌር ነበር፤ ሴቻ አንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ የሚነዳ። አለቃው «ቤንዚን እየቀዳህ ትሸጣለህ» ብሎ የስንብት ደብዳቤ አስጽፎለታል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ጋሽ አንጁሎ ይህን ሲሰሙ ማንም ሳይጠራቸው ጠርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ። አለቃውን ራሱን አግባብተው ፒክአፗን ሲቀላ አስወረዱት፣ ግሉኮሱን ሰቀሉ፣ «አንተ ንዳ። ማርቆስ እዚህ ይቆያል» አሉት። ፒክአፗ ግማሽ ዳገት ሳትደርስ ቀጥ አለች። አለቃው ላቡን ሲጠርግ፣ «እንግዲህ ማርቆስ አብሮን የለም» አሉት፣ «ታዲያ ቤንዚኑን ማን ሰረቀው?» ደብዳቤው ተቀደደ። ማርቆስ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ብድግ አድርገው፣ «እሷን አመስግን» አሉና ፒክአፗን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት። ይህን ማርቆስ አትርሱብኝ።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት አካባቢ ነው ደረጀ ከአዲስ አበባ ስድስት ያገለገሉ ሚኒባሶች ያስመጣው። ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ ቀለማቸው ያብረቀርቃል፣ የወንበራቸው ላስቲክ አልተነሳም፣ የኪሎሜትር ቆጣሪያቸውን ላየማ ገና ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። ያኔ በሴቻና ሲቀላ መስመር ላይ ሚኒባስ ያለው ሰው ንጉሥ ነበር። እኔና ታደሰም ከወንድሜ የወረስኩትን ቦታ ሸጠን እንግዛ ተባባልን። ሰው ሁሉ ግን «ጋሽ አንጁሎ ሳያዩአቸው አንገዛም» አለ። ደረጀ መኪኖቹን ማንጎው ሥር አላመጣም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ጋሽ አንጁሎ ወንድማቸው ሞቶ ጨንቻ የወጡ ሰሞን ጠብቆ፣ ቅዳሜ ገበያ በቆመበት ቀን፣ «በግሉኮስ ይፈተናሉ!» ብሎ አስለፈፈ።

እኔም ሄጄ አይቻለሁ። ያው ዓይነት የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ያው ዓይነት ቀጭን ጎማ። «ጋሽ አንጁሎ ለቅሶ ላይ ስለሆኑ ጠርሙሳቸውን ልከዋል» ተባለ። መነሻው ግን ሴቻ አናት ላይ ነበር። ሚኒባሷ ቁልቁል ተለቀቀች፤ ሲቀላ ስትደርስ ጠርሙሱ ምንም ያህል አልጎደለም። ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው ሜዳ መንገድ ነጎደች። እኛ በባጃጅ እየተከተልን እልል እንላለን! ሾፌር ነን፣ ባለመኪና ነን የምንል ሁሉ እዚያ ነበርን። በዚያ ቁልቁለት በየቀኑ በፎሌ ስንወርድ የኖርን ሰዎች! አንዳችን እንኳ አፋችንን ከፍተን «ለምን ከላይ?» አላልንም። ሚኒባስ ፈልገን ነበራ! አምስቱ ሰኞ ዕለት ተሸጠው አለቁ። ስድስተኛዋን ለእኔ ያዘልኝ፤ ማክሰኞ ከሰዓት ልንፈራረም ተቀጣጠርን።

ማክሰኞ ጠዋት በር ተንኳኳ። ታደሰ ትምህርት ቤት ሄዷል። ስከፍት ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ የለቅሶ ፊታቸው ገና አልተመለሰም፣ ጫማቸው የጨንቻን ጭቃ እንደያዘ ነው። ግቡ ስላቸው አልገቡም።

«አንተ ዘነበች፣ ሽቅብ ነው ቁልቁል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«የሄደችው። ሽቅብ ነው ቁልቁል?»

«ከሴቻ ነው የተነሳችው። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ሄደች፤ በዐይኔ አይቻለሁ።»

«ጠርሙሱ የእኔ አይደለም። እኔ ወንድሜን እየቀበርኩ ነበር። አምስቱ ሰዎች ገዝተዋል፤ አሁን ብነግራቸው እንቅልፍ መንሳት ነው እንጂ ምን ይጠቅማቸዋል? ያንተ ግን ገና ነው። ዛሬ አምጣትና ከሲቀላ እናውጣት። ከወጣች ግዛ።»

ምን ብላቸው ጥሩ ነው? ደረጀ «ሌላ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ ነው» ብሎኛል። በሐሳቤ ሚኒባሷን ግቢዬ ውስጥ አቁሜ ጨርሻለሁ። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ በራፌ ላይ ቆመው ሊያስወጡብኝ ነው። «እኛ ሊያልፍልን ሲል ዐይንህ ቀላ እንዴ?» አልኳቸው። «ያለ አንተ ከተማው መኪና የማይገዛ መስሎህ ነው? ሂድልኝ!»

አንተ አልኳቸው። እሳቸው አንተ ሲሉኝ የኖሩት አማርኛው እንደዚያ ስለመጣላቸው ነው። እኔ ግን አፌን በፈታሁበት ቋንቋ፣ ሆን ብዬ መርጬ ነው ያልኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና፣ «እሺ» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ፈረምኩ። ለታደሰ ጋሽ አንጁሎ መጥተው ነበር አላልኩትም።

ሦስት ወር ሳይሞላ ጉዳቸው ወጣ። የአንዷ ሞተር ተሳፋሪ እንደጫነች ዳገቱ ላይ ነክሶ ቆመ። የሌላዋ ማርሚታ ሰማያዊ ጭሱን ሲተፋው ከኋላዋ መንገድ አይታይም። የእኔዋ ከቤንዚኑ ሌላ ዘይቱንም ትቅመው ጀመር፤ ሰው ከሞላባት ኩርባው ላይ ስትደርስ እምቢ ትላለች፣ ተሳፋሪው እየወረደ ይገፋል። ሾፌሬ «እትዬ ዘነበች፣ ይቺ መኪና ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ጠጥታ ነው የምትጨርሰኝ» ብሎ ቁልፉን አስረክቦኝ ሄደ።

ገዢዎቹ በባለሚኒባሶች ማኅበር ግቢ ተሰብስበን ደረጀን አስጠራነው። መጣ። ላብ እንኳ አላለውም። «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? ፈትነው ያሳለፏቸው ጋሽ አንጁሎ ናቸው። እሳቸውን ጠይቁ» አለ። ሰውም እውነት ብሎ እሳቸውን አስመጣቸው። ማን ቀድሞ ተነሳ መሰላችሁ? ማርቆስ! ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቆ ከአማቹ ጋር አንዷን ገዝቶ ነበር። «ስንት ከፈለህ?» አላቸው። «እኛን በስንት ነው የሸጥከን?»

ጋሽ አንጁሎ ጋቢያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ጠርሙሱ የእኔ አይደለም» አሉ። «ይህንንም ቀድሜ ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?» አለ ማርቆስ። «ለማን ነው የተናገርከው? ካለ ይነሳ!»

ያኔ አዩኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ ታደሰ አጠገቤ። ዐይናቸው እኔ ላይ አርፎ ቆየ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ መኪና የሚያዳምጡበት ዐይን ነው። እኔ ጫማዬን አየሁ። ብነሳ ታደሰ «ነግረውሽ ነው የገዛሽው?» ይለኛል፤ ሕዝቡ ይስቅብኛል። ይህን ፈርቼ ተቀመጥኩ። ስሜን ሊጠሩት ይችሉ ነበር። አልጠሩትም። «ተዉት» ብለው ወጡ፤ ከኋላቸው «ሌባ!» ያለም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር መኪና አልገባም። ደረጀ አሮጌ እንደሸጠ ሀብታም ሆነ፣ የሸንጎ ሰው ሆነ። ግሉኮሱን የፈጠሩት ሰው ግን የባጃጅ ጎማ ሲለጥፉ ዋሉ። ይህ ከተማ እንዴት ያለ ከተማ ነው? ብዬ በየቤቱ ስናደድ ኖሬያለሁ፤ ከተማው እኔ እንዳልሆንኩ ሁሉ።

በዓመቱ ሌላ መካኒክ ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥባት፣ ሚኒባሷን በገመድ አስጎትቼ ማንጎው ሥር ወሰድኳት። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምን አደረገች?» አሉ። እንደ ዱሮው፣ ያው ድምፅ። ሞተሩን አውርደው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲሠሩ ከረሙ። ሲጨርሱ ያንን ጠርሙስ ከሳጥናቸው አወጡ፤ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ሰቀሉት፣ ከሲቀላ ሽቅብ ወጣን። ሴቻን ዞራ ተመልሳ መናኸሪያው ደጃፍ ቆመች። መዳፋቸውን ከማርሹ ላይ አነሱና፣ «አሁን ግዛ» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። ይቅርታ ልበላቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣልኝ ግን «ሒሳቡ ስንት ነው?» ሆነ። እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ስብሰባው ከሆነ እስከ ቀብራቸው ድረስ ስምንት ዓመት ሞላ። ከርሞ እነግራለሁ፣ ለፋሲካ እነግራለሁ ስል፣ ሙዝ ሻጯ ቀደመችኝ።

እንግዲህ ቀብሩ ላይ ደረጀ እያነበበ ነው። ልደታቸውን፣ የእርሻውን ሥራ አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «በሚሌኒየሙ ዘመን ከእኔ ጋር በመሆን፣ ስድስት ሚኒባሶችን በዝነኛው ግሉኮሳቸው ፈትነው ለከተማችን ሕዝብ ያበረከቱ...» አለ። አያችሁ? ሬሳቸው ፊት! ውሸቱን አብሮ ሊቀብርባቸው ነው።

«ሽቅብ ነው ቁልቁል?» አልኩ።

ሰው ዞሮ አየኝ። ደረጀ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «ምን አሉ፣ እትዬ?»

«የፈተኗቸው ሽቅብ ነው ቁልቁል? ጋሽ አንጁሎ ቁልቁል ፈትነው ያውቃሉ?»

ከባለመኪኖቹ መሀል የማርቆስ ራስ ብድግ ሲል አየሁ። ከዚህ በኋላ አልቆምኩም። «ጠርሙሱ የእሳቸው አልነበረም» አልኩ። «ከወንድማቸው ቀብር መልስ ቤቴ ድረስ መጥተው ነግረውኛል። አትግዢ፣ በመጀመሪያ ሽቅብ እናውጣት ብለውኛል። ሰድቤ አባረርኳቸው። ሰምቼ ነው የገዛሁት።»

ደረጀን የሚያንቁት፣ ወረቀቱን የሚቀሙት መስሎኝ ነበር። እሱንማ ማንም አላየውም። ማርቆስ ሰው እየገፋ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ሽበት ወርሶታል። «ያን ቀን ለማን ብዬ ስጠይቅ» አለኝ፣ «አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ሌባ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ አካፋ ከአንዱ እጅ ነጥቆ አፈሩን መመለስ ጀመረ፤ ማንንም ሳያስጠጋ።

ከቀብር ሴቻ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ታደሰ መሪውን ያዘ፣ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያቺው ሚኒባስ ናት። ሲቀላን ለቅቀን ዳገቱን ጀመርን። ኩርባው ጋ ስንደርስ፣ ድሮ ተሳፋሪ የሚገፋን ቦታ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገቤ?» አለኝ።

ሚኒባሷ ማርሽ ሳትቀንስ ዳገቱን ወጣች።